ባሕር የሌለው ልዑክ ስለ ባሕር እንዳይናገር ለከለከሉት ክቡር ዲናችን

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣ የዓለም ዜግነት ማዕከል መሥራችና የበላይ ጠባቂ፣ የዓለም ሸንጎ ቋሚ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉሮሮዎ ተሻለዎት ወይ? ባለፈው ሳምንት በሸንጎው አዳራሽ ሥርዓት ለማስከበር ሲሉ ድምፅዎ እስኪሰልል የደከሙትን ድካም እያሰብን ሁላችንም ተጨንቀናል፤ እናቴም ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው ጣል አድርገው ቢጉመጠመጡበት ይሻላል ብላለች። እኔ ከሳቅ ብዛት ከሚወጋኝ ጎኔ በቀር ደህና ነኝ። ሳቁ የንቀት እንዳይመስልዎት፤ አንዳንድ ነገር ካልሳቁበት ስለሚያስለቅስ ነው።

ይህ ደብዳቤ የሚለጠፈው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለሆነ፣ እርስዎ ቢያውቁኝም ለሌላው አንባቢ ማንነቴን መናገር ይገባኛል። በኮሌጁ መዝገብ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ በእናቴ ቤት ደግሞ የታላቅ እህትዎ ልጅ ነኝ። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ይህን ጉዳይ ገና አፌን ከፍቼ ሳልጨርሰው «የቢሮን ነገር ቤት አታምጪ» ብለው በወጉ ገሥጸውኛል። ተግሣጹን ተቀብያለሁ። ይኸው ቤት ሳላመጣው፣ ማንም በሚያነብበት ቦታ፣ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት አኑሬዋለሁ።

ጉዳዩ አንድ ነው። የፊታችን ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ባሕሩ ብለን የምንጠራውን የውጭ ሀገር ተማሪ ሊያባርረው ይሰበሰባል። ክሱን የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ሊያነሱት የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። ነገር ግን ልመና በባዶ እጅ ስለማይቀርብ፣ በቅድሚያ ውለታዎችዎን በተራ ቁጥር እየጠራሁ ምስጋናዬን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። የዓለም ዜግነት ማዕከልን ስላቋቋሙልን ከልብ እናመሰግናለን። ያ ክፍል ቀደም ሲል ጠረጴዛ ቴኒስ የምንጫወትበት ነበር፤ ከየትም ትምህርት ክፍል የመጣ ሰው ኳስ ሲለቅም ከማያውቀው ሰው ጋር ግንባር ለግንባር እየተጋጨ ይተዋወቅበት ስለነበር ለዓለም አቀፍ ጉዳይ እንደማይመች ግልጽ ነው። አሁን ጠረጴዛው ወጥቶ ግሎብ ገብቷል። ግሎቡ አቧራ እንዳይነካው ሲባል ከሱቅ ከመጣበት ፕላስቲክ አልወጣም፤ ከሥሩም «መንካት ክልክል ነው» ተብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ቁልፉ ያለው በንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ነው፤ ኃላፊው ያሉት ደግሞ በዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ ዓለምን በመስኮት በኩል፣ መጋረጃው ሳይገጥም በቀረበት ቀዳዳ፣ ተራ ገብተን እናያታለን። እኔ በታየኝ ወገን ውቅያኖስ ብቻ ነው ያለው፤ ሌላውን ወገን ያየ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

በዚሁ ቁጥር ሥር፣ ተማሪዎች ዓለምን እንዴት ሊያውቁ እንደሚችሉ ለማጥናት እርስዎ ራስዎ በየጊዜው አውሮፕላን እየተሳፈሩ ስላዩት እንግልት ሳላመሰግን አላልፍም። ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለሱ ያሳዩንን ፎቶግራፎች በአድናቆት ተመልክተናል። በሁሉም ላይ እርስዎ ከፊት ቆመዋል፤ ዓለም ከትከሻዎ ጀርባ በትንሹ ብቅ ትላለች።

ሁለተኛ። ለሥልጠናውና ለካናቴራው እናመሰግናለን። «እኔ የዓለም ዜጋ ነኝ» የሚለው ካናቴራ የመጣው በአንድ ቁጥር ብቻ፣ እሱም በትልቁ ነው፤ ዓለም ሰፊ ስለሆነች ይመስለኛል። የእኔ ጉልበቴ ድረስ ይወርዳል። በሥልጠናውም በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እንደምን ዋላችሁ ማለትን ተምረናል። በኮሌጃችን ያሉት የውጭ ሀገር ተማሪዎች ግን ቀድሞውኑ ከውጭ ስለመጡ ሥልጠናው አያስፈልጋቸውም ተብሎ፣ ሰላምታውን የምንለማመድበት ሰው ሳይኖር እርስ በርሳችን ስንባባል ዋልን። እነሱ በዚያ ሰዓት በር ላይ ባንዲራ ይዘው እንግዳ እንዲቀበሉ ተመድበው ነበር። አላባችሁም ወይ፣ ውሃ እናምጣላችሁ ወይ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ያ በሥልጠናው ስላልተካተተ ነው።

ሦስተኛ። ወደ ዓለም ሸንጎው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጎኔን ይዤ ነው የምጽፈው። ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ሸንጎው ማለት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሀገር ተሰጥቶት፣ የዚያ ሀገር ልዑክ ሆኖ በአዳራሹ ተቀምጦ ስለ ዓለም ችግር የሚከራከርበት ጨዋታ ነው። ሀገር የሚከፋፈለው በዕጣ ነው ተብሎ ነበር። ዕጣው ግን የወጣው ለተረፉት ሀገሮች ብቻ ነው። የሸንጎው አስተባባሪ እንዳስረዱን ኃያል ሀገር በሹራብ አይወከልም፤ ስለዚህ ሙሉ ሱፍ ያለው ተማሪ ኃያል ሀገር ወሰደ፣ ኮት ብቻ ያለው መካከለኛ ገቢ ያለው ሀገር ደረሰው፣ ክራቫት የተዋሰ በማደግ ላይ ያለ ሀገር ሆነ። ከላይም ከታችም ያልተሟላለት ወደ ዕጣው ተላከ። የዓለምን ሥርዓት በዚህን ያህል አጭር ጊዜ፣ በዚህን ያህል ግልጽነት ያስተማረን መምህር እስካሁን አልገጠመንም።

ለእኔ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ከዕጣው በፊት አንዲት ትንሽ የደሴት ሀገር ለይተው አስቀመጡልኝ። ምክንያቱን ብጠይቅዎ ባንዲራዋ ከሰማያዊ ቀሚሴ ጋር ይሄዳል አሉኝ። እውነትም ይሄዳል።

ባሕሩ የዚያች ደሴት ልጅ ነው። እውነተኛ ስሙን የዶርማችን ጥበቃ ሊጠሩት ሞክረው ምላሳቸው ሲተሳሰርባቸው፣ ከባሕር መሀል ነው የመጣው ሲባሉ በቃ ባሕሩ ነው ብለው አወጡለት፤ ስሙም ጸደቀ። በነጻ የትምህርት ዕድል መጥቶ የውሃ ምሕንድስና ይማራል። ዕጣው በሚወጣበት ቀን ቤተ ሙከራ ስለቆየ ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ፤ ተራው ሲደርስም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የራሱን ሀገር ጠየቀ። አስተባባሪው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ከፈለጉ በኋላ «ሀገርህ ተይዟል» አሉት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ተነሥቼ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞሬ መምጣት ነበረብኝ።

በምትኩ የደረሰችው ተራራ ብቻ የሆነች፣ በአራቱም ማዕዘን በጎረቤት የታጠረች፣ ባሕር የሚባለውን ነገር በወሬ እንጂ በዓይኗ የማታውቅ ሀገር ናት። ባሕሩ ሳቀ። ቤተሰቦቹም ከፍ ያለ ቦታ ሲፈልጉ ስለነበር መልካም አጋጣሚ ነው ብሎ ቀለደ። ከአጠገቡ የነበርነው አብረነው ሳቅን፤ ቀልዱ ቀልድ አለመሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

አራተኛ። በሸንጎው ዕለት ስላሳዩን የሰብሳቢነት ጥበብ እናመሰግናለን። ከበላይ አካል የመጡት እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል፣ እርስዎ የእንጨት መዶሻዎን ይዘው ከመድረክ ላይ ነዎት፣ የዕለቱ አጀንዳ ደግሞ የባሕር ወለል ከፍ ማለት ነው። የመጀመሪያውን እጅ ያወጣው ባሕሩ ነበር። እርስዎም በሚያምር ድምፅዎ «የክቡር ልዑኩ ሀገር ባሕር ስለሌላት ጉዳዩ አይመለከታቸውም» ብለው እጁን አስወረዱት። ደግሞ አወጣ፣ ደግመው አስወረዱት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላል የሀገር ሰው፤ እኔ ግን በክቡርነትዎ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አልወረውርም፤ ተረቱ የገባው ለቋንቋ ማሳመሪያ ነው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ንግግሩን ያዘጋጁልኝ አስተባባሪው ናቸው፤ እንዳልሳሳት በትልልቅ ፊደል አሳትመውልኛል። ተነሥቼ አነበብኩ። «ሀገሬ በባሕር ሀብት የታደለች ስትሆን፣ ይህ ሀብቷም ከዓመት ዓመት እየጨመረ ይገኛል» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እርስዎም አጨበጨቡ። ቀጥዬ ለመዝናኛ ተስማሚ የሆኑትን የባሕር ዳርቻዎች ስዘረዝር አንዱ የባሕሩ መንደር ኖሯል፤ ስሙ አፌ ላይ ተሰባበረ። መልሼ ብሞክረው ይባስ ተሰባበረ። ባለሱፎቹ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ።

ባሕሩ ያን ጊዜ ከተራራው ተነሣ። አልሮጠም፣ አልጮኸም፣ በወንበሮች መካከል ይቅርታ እያለ አልፎ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እርስዎ መዶሻውን እየመቱ ስለነበር የተናገረውን አልሰሙ ይሆናል፤ ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ። «ወንበሩን አልፈልግም። የመንደራችንን ስም አስተካክዬ ጠርቼ እመለሳለሁ። ከስሙ ሌላ የቀረ ነገር የለም» አለ። ከዚያም ጠራው። ረጅም ስም ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ትንፋሽ ያለች ድምፅ አለችበት። እናቱ ልብስ ታሰጣበት በነበረው ግቢ አሁን ሰው በጀልባ እንደሚያልፍ፣ የአያቱን አጽም አውጥተው ወደ ሌላ ደሴት በጀልባ ሲያሻግሩ እሱ ሣጥኑን ጭኑ ላይ ይዞ እንደነበር፣ በዚያው በተለመደ ድምፁ ነገረን። እኔ ቀሚሴን አሳምሬ በሰው ሀገር ላይ ተቀምጬ ነበር። አፈርኩ። ይህን ያለ ምንም ማሽሞንሞን ነው የምናገረው።

እርስዎ ግን ሥርዓት አስከባሪ ነዎትና «ክቡር ልዑክ፣ ድንበር ጥሰዋል፤ ወደ ሀገርዎ ይመለሱ» አሉት። ከእንግዶቹ አንዷ ይህ ልጅ የየት ሀገር ልዑክ ነው ብለው ጠየቁ። አስተባባሪው አንዱን ሀገር ጀመሩና ሌላውን ጨረሱ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ የተዘጋጀላቸውን ሻይ ሳይቀምሱ ተነሡ። እርስዎም ከኋላቸው እየተጣደፉ ወጡ፤ ሲወጡ ፊትዎ የበርበሬ ያህል ቀልቶ ነበር።

አምስተኛውን ምስጋና መጻፍ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ለምስጋና አይመችም። በማግሥቱ ባሕሩ ክስ ደረሰው። ክሱ «የተመደበበትን ሀገር ያለ ፈቃድ ለቆ በመውጣት፣ በሌላ ሀገር ወሰን ውስጥ በመግባትና ለሰብሳቢው ባለመታዘዝ» ይላል። ባሕሩ የመጀመሪያውን መስመር ሲያነብ ሳቀ፤ በሕይወቱ በሀገሩ ለመቆየት ፈቃድ የጠየቀው ባሕሩን ራሱን፣ ያን ውሃውን ማለት ነው፣ እንደሆነና እሱም እንዳልፈቀደለት ተናገረ። መጨረሻውን ሲያነብ ግን ሳቁ ቆመ። ከኮሌጁ ከተባረረ ነጻ የትምህርት ዕድሉ ይቀራል፤ ዕድሉ ሲቀር የመኖሪያ ፈቃዱ አብሮ ይቀራል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ሲቀር ወደ ሀገርህ ይባላል። እናትና አባቱ ዛሬ በሌላ ደሴት በዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ነው የሚያድሩት። የላኩት ውሃን የሚያቆም ትምህርት ተምሮ እንዲመለስ ነው። አንድ የዓለም ዜግነት ማዕከል ከዓለም የመጣለትን ልጅ ወደማይኖር ቤት ሊመልስ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ክቡርነትዎን ብታይ መጽናኛ ባገኘች ነበር።

አሁን ደግሞ በአክብሮት አንድ የምሥራች ልንገርዎ። እርስዎ ባዘጋጁት የሸንጎው መተዳደሪያ ደንብ ላይ፣ ሸንጎው የሚዘጋው ሰብሳቢው በመዶሻ መትተው ሲዘጉት ብቻ እንደሆነ ተደንግጓል። እርስዎ በዚያን ዕለት የወጡት መዶሻውን በእጅዎ እንደያዙ ነው፤ ሳይዘጉ ነው የወጡት። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የዓለም ሸንጎ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከዚህች ሰዓት ድረስ በሥራ ላይ ነው።

አዳራሹ ስለተቆለፈ፣ ማዕከሉም ስለተቆለፈ፣ ዓለም የተሰበሰበችው በዶርሙ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ልዑካን የሚቀመጡት በተገለበጠ ባልዲና በልብስ ቅርጫት ላይ ነው። የሚሠራው ማሽን አንድ ብቻ ሲሆን፣ ውሃውን ሲጨምቅ ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ የተናጋሪ ሰዓት የምንለካው በእሱ ነው፤ ማሽኑ መጨመቅ ሲጀምር ማንም ኃያል ሀገር ቢሆን አፉን ይዘጋል። እርስዎ በመዶሻ ያላገኙትን ጸጥታ እኛ በካልሲ ማጠቢያ አግኝተነዋል። ኃያሉን ሀገር የወከለው ባለሱፍ ሱፉ ከታጠበ በኋላ ተኮማትሮ አልገባ ስላለው በቁምጣ ነው የሚመጣው፤ ቁምጣ ከለበሰ ወዲህ ጥያቄ መጠየቅ ጀምሯል። ባሕሩን ውሃው መጀመሪያ ቤታችሁ የገባው በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀው። ባሕሩም በበር በኩል አይደለም የመጣው፣ በውሃ ጉድጓዱ በኩል ነው አለን። ደጃፋቸው ገና ደረቅ ሳለ አንድ ጠዋት ሻያቸው ጨው ጨው አለ፤ እናቱ በስሕተት ከስኳር ይልቅ ጨው የጨመሩ መስሏቸው ደፍተው እንደገና አፈሉት። እንደገናም ጨው ሆነ። ያን ዕለት ባለሱፉ የአባቱ ሱቅ ያለበት መንገድ በየክረምቱ በጎርፍ እንደሚዋጥና ማንም ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረን። ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ልብስ አጥቦ ጨርሶ ቆሞ ሳለ እኛ ገና ነበርን።

በሥልጠናው ላይ ያላገኘነውን እንግዲህ እዚያ ታች አገኘነው። የውጭ ተማሪዎቹ አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚያጥቡት። በሥልጠናው የተማርናቸው የሰላምታ ቃላት በሙሉ የተሳሳቱ መሆናቸውንም በጥሩ ሳቅ አረጋግጠውልናል፤ አንዱን ሰላምታ ለልጅ ካልሆነ ለትልቅ ሰው አይባልም ነው የሚሉት፣ ያንን ግን ለእንግዶቹ በአንድ ድምፅ ብለንላቸው ነበር።

ሸንጎው በሙሉ ድምፅ ያሳለፋቸውን ውሳኔዎችም ላስታውቅዎት። ክሱ የሌላ ሀገር ወሰን ተጥሷል ስለሚል፣ ወሰኗ ተጣሰ የተባለችው ሀገር ሕጋዊ ልዑክ እኔ እንደመሆኔ፣ ምንም ወሰን እንዳልተጣሰብኝ፣ የገባውም ባለቤቱ እንደሆነ፣ ወንበሩንም ባንዲራውንም እንዳስረከብኩት በይፋ አሳውቃለሁ። ተበዳይ የሌለው ክስ እንዴት እንደሚሆን ኮሚቴው ይመልከተው። ባሕር የሌላቸው ሀገሮች ስለ ባሕር፣ ተራራ የሌላቸውም ስለ ተራራ እንዲናገሩ ተፈቅዷል። በመጨረሻም፣ ልዑካኑ ሁሉ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ቦታ ሲቀያየሩ የተመደቡበትን ሀገር ያለ ፈቃድ ስለለቀቁ፣ ሁሉም በባሕሩ ክስ ራሳቸውን ተከሳሽ አድርገዋል። ሰኞ ጠዋት በኮሚቴው በር ላይ እንገኛለን። ኃያላን ሀገሮች በሙሉ ስለሚገኙ ሰፋ ያለ ክፍል እንዲዘጋጅ በትሕትና እናሳስባለን።

ይህ ሁሉ እንዳይደርስ ግን የሚያስፈልገው አንድ ፊርማ ነው፤ ክሱን አንስቼዋለሁ የሚል። ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ቢወርዱ ባልዲ እናዘጋጅልዎታለን፤ መዶሻዎን ይዘው ይምጡ፣ ሸንጎውን ግን ቶሎ እንዳይዘጉብን አደራ።

የተዘጋ ጉሮሮዎ ተከፍቶ፣ የተቆለፈው ማዕከልዎ ተከፍቶ፣ የሚቀጥለው ጉዞዎም ተቃንቶ ፎቶግራፎችዎን ለማየት ያብቃን እያልኩ፣ ከወገብ በላይ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞዋ የደሴቲቱ ልዑክ፣
በአሁኑ ሰዓት ሀገር አልባ፣
የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሸንጎ ጊዜያዊ ጸሐፊ፣
የታላቅ እህትዎ ልጅ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። መንገድ ሊወጣበት ነው ተብሎ የተወለዳችሁበት ቤት ሲፈርስ፣ እርስዎ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጅ ሳሉ፣ አልነሣም ብለው በዶዘሩ ፊት አፈር ላይ ተቀምጠው እንደነበር ነገረችኝ። ለክቡርነትዎ የላከችውን ቃል እንዳለ አስፍሬዋለሁ፤ በአንቱታ ልጻፈው ብላት እምቢ ብላኛለች። «ያን ቀን ማንም አልከሰሰህም በይልኝ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ አጠገብህ ተቀምጦ፣ ለቅሶህ እስኪያልቅ ጠበቀህ።»